ሞተር አልነሣ ሲል
ስለ ተንቀሳቃሽ የባትሪ ማስነሻ አመራረጥና አጠቃቀም

አንባቢ ሆይ፤ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ በፒክአፕ ወደ ገጠር ወጥተው ያደሩ እንደ ሆነ፤ በማለዳ ነጂው ቁልፉን ሲያዞር ከኮፈኑ ሥር «ቀጭ» ከምትል ድምፅ በቀር ሌላ ነገር ሳይሰማ የቀረበትን ጊዜ አይዘነጉት ይሆናል። በከተማ ውስጥ ይህ ነገር ከመዘግየት ያለፈ ጉዳት የለውም፤ ጎረቤት ይጠራል፤ አላፊ አግዳሚው ይገፋል፤ ታክሲም አለ። ከከተማ ርቀው ሳሉ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያደረገኝን ምክንያት አስቀድሜ ልንገርዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በታኅሣሥ ወር አራት ሆነን በሰሜን ሸዋ ደጋ ለሥራ ሄደን በአንዲት ትንሽ መንደር አደርን። ሌሊቱ ውርጭ ነበረ። ሊነጋጋ ሲል የመንደሩ ሰዎች ትኩሳት የጠናበት ሕፃን ይዘው መጡና በመኪናችን ወደ ጤና ጣቢያ እንድናደርስላቸው ለመኑን። ነጂያችን ፈጥኖ ተነሣ፤ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ግን አልዞረም። እኛም ብዙ አልደነገጥንም፤ ከወንበሩ ሥር አዲስ የተገዛ ማስነሻ ነበረንና። አወጣነው፤ መቆንጠጫዎቹን በባትሪው ሁለት ምሰሶዎች ላይ አስነከስናቸው፤ አረንጓዴው መብራት በራ፤ ቁልፉ ዞረ፤ አሁንም «ቀጭ»። ሁለተኛ ሞከርን፤ ሦስተኛም ሞከርን። አባትየው ከዚህ በላይ ሊጠብቅ አልቻለም፤ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልሎ በበቅሎ ገሠገሠ። ሕፃኑ እንደ ዳነ ኋላ ሰምተናል። እኛ ግን ዕቃውን የሸጠልንን ነጋዴ ስናማ አረፈድን። በአራት ሰዓት ገደማ በዚያ ያልፍ የነበረ አንድ ሽማግሌ የጭነት መኪና ነጂ ቆመልንና፤ ከባትሪው ምሰሶ ጋር የታሰረውን የገመድ ራስ በጣቶቹ ይዞ ቢወዘውዘው ወዲያና ወዲህ አለ። ፈትቶም ቢያየው ውስጡ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ሞልቶበታል። የፈላ ውኃ አስመጥቶ አጠበው፤ በቢላዋ ፋቀው፤ አጥብቆም አሰረው። ሞተሩ በገዛ ባትሪው ተነሣ። ነጋዴውም ዕቃውም በደል አልነበረባቸውም።

እንግዲህ ይህ በገበያ «ጃምፕ ስታርተር» እየተባለ የሚሸጠው፤ በአንድ እጅ የሚያዝ ማስነሻ ምን ሊሠራ እንደሚችልና ምን ሊሠራ እንደማይችል ለመረዳት፤ ሞተር እንዴት እንደሚነሣ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተር በራሱ መዞር የሚጀምር ነገር አይደለም፤ መጀመሪያ ሌላ ኀይል ሊያዞረው ይገባል። በጥንት ዘመን ነጂው ራሱ ከመኪናው ፊት ቆሞ በብረት መዘውር ያዞረው ነበር፤ መዘውሩ ወደ ኋላ ሲመልስ ክንድ የሰበረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማስነሻ ሞተር ሠርቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. ሞዴል በሆኑት የካዲላክ አውቶሞቢሎች ላይ ከተገጠመ በኋላ ግን መዘውሩ ቀስ በቀስ ቀረ። የእኛ መካኒኮች «ሞተሪኖ» የሚሉት ይኸው ነው። ሞተሪኖው የሚበላውን ኀይል የሚሰጠው ባትሪው ነው፤ ይህም ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 ዓ.ም. (ይኸውም እንደ አውሮፓውያን) የፈለሰፈው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ልጅ ነው። በውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል 2 ቮልት ከጥቂት ስለሚሰጥ፤ ሙሉ ሆኖ ያረፈ ባትሪ ቢለካ 12.6 ቮልት ያህል ይገኝበታል። 12 ቮልት ብቻ የተገኘበት እንደ ሆነ ግን ግማሹም የለም፤ ወደ ባዶነቱ ተቃርቧል ማለት ነው።

በአገራችን መንገድ ላይ የሚመላለሱት ፒክአፖች አብዛኞቹ የናፍጣ ሞተር ያላቸው ናቸው። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በካንዴላ ብልጭታ ያቃጥላል፤ የናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ የለውም፤ አየሩን አምቆ፤ ከመጀመሪያው መጠኑ ወደ አሥራ አምስተኛ እጅ ወይም ከዚያም በታች አድርሶ፤ በመታመቅ በሚገኘው ግለት ነዳጁን ያቀጣጥላል። ይህን ያህል አየር ለማመቅ ሞተሪኖው ብርቱ ጉልበት ያስፈልገዋል። ደጋ ላይ ሲሆን ደግሞ ሦስት ነገር ይደራረብበታል፤ አየሩ ስስ ስለ ሆነ መታመቁ የሚሰጠው ግለት ያንሳል፤ ዘይቱ በብርድ ይወፍራል፤ ባትሪውም ራሱ በብርድ ጊዜ ይሰንፋል። በቆላ ሲነሣ የከረመ መኪና ደብረ ብርሃን ላይ አድሮ በማለዳ እምቢ ቢል ሊያስደንቀን አይገባም።

ወደ ግዢው እንምጣ። በማስነሻው ሣጥን ላይ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ቁጥር «2000»፤ «3000»፤ አንዳንዴም «5000 አምፔር» የሚለው ነው። ይህ «ፒክ አምፕ» የሚባለው ቁጥር ዕቃው ለዐይን ጥቅሻ ያህል ሊተፋው የሚችለውን የመጨረሻ ኀይል ያመለክታል ይባላል፤ ነገር ግን እንዴት ተደርጎ እንደሚለካ ፋብሪካዎቹ ሁሉ የተስማሙበት አንድ ደንብ የለም። ስለዚህ ሁለት ሣጥኖች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንደኛው 2000፤ ሁለተኛው 4000 ቢል፤ ሁለተኛው የአንደኛውን እጥፍ ይበረታል ብሎ መደምደም አይቻልም። ከዚህ ጋር የመኪናውን ባትሪ ያነጻጽሩ፤ በባትሪው ላይ «ሲ.ሲ.ኤ.» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ብርድ ውስጥ ባትሪው ለ30 ሴኮንድ ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለውን፤ ቮልቱም ከ7.2 በታች ሳይወርድ፤ የሚናገር ነው። ይህ የሚመረመር ቃል ነው። የፊተኛው ግን የገበያ ቃል ነው።

ታዲያ ገዢው በምን ይመራ? በመጀመሪያ ከሣጥኑ ጀርባ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ይፈልጉ። እዚያ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይገኛል፤ አንደኛው «የማስነሻ አምፔር» የሚባለው፤ ከፊተኛው ቁጥር እጅግ ያነሰና ለጥቂት ሴኮንዶች የሚዘልቀው መጠን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዕቃው ስንት ሊትር የቤንዚንና ስንት ሊትር የናፍጣ ሞተር እንደሚያስነሣ የሚገልጸው ነው። የናፍጣው ሊትር ከቤንዚኑ ያነሰ ሆኖ ያገኙታል፤ እርስዎን የሚመለከተው እርሱ ነው። የፒክአፕዎ ሞተር ከ2.4 እስከ 3 ሊትር ቢሆን፤ ለ3 ሊትር ናፍጣ ብቻ ይበቃል የተባለውን አይግዙ፤ ዕቃው በብርድ እንደሚደክምና በየዓመቱም እንደሚያረጅ አስበው፤ ከሞተርዎ እጥፍ ገደማ የተጻፈበትን ይምረጡ። የናፍጣ ሊትር ጨርሶ ያልተጻፈበት ከሆነ ለአነስተኛ የቤት አውቶሞቢል የተሠራ ነውና ይተዉት።

ሌላው ሰውን የሚያሳስት ቁጥር «20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት» የሚለው ነው። ይህ የተቆጠረው በ12 ቮልት ሳይሆን በአንዲት የሊቲየም ሴል 3.7 ቮልት ነው። ሁለቱን ቢያባዙ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። የፒክአፕ ባትሪ ግን በተለምዶ ከ70 እስከ 100 አምፔር ሰዓት ስለ ሆነ፤ በ12 ቮልት ሲባዛ ከ840 ዋት ሰዓት ይጀምራል። እንግዲህ ማስነሻው የመኪናውን ባትሪ አሥረኛ እጅ እንኳ አይሆንም፤ የደከመ ባትሪ ሊሞላ አይችልም ማለት ነው። ታዲያ ሞተሩን እንዴት ያስነሣል ይሉ ይሆናል። ማስነሣት ብዙ ኀይል የሚጠይቅ ቢሆንም ጊዜው አጭር ነው። 300 አምፔር በ10 ቮልት ለ3 ሴኮንድ ቢፈስ የሚወጣው ኀይል 2.5 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ሊቲየም ይህን በቅጽበት መልቀቅ ይችላል፤ ቀድሞ በጋራዥ ውስጥ በመንኮራኩር ይጎተት የነበረው ከባድ የእርሳስ ማስነሻ ዛሬ በእጅ ቦርሳ የሚገባ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከሊቲየሞቹም መካከል የብረትና የፎስፌት ቅመም ያለው ዓይነት ጥቂት ይከብዳል፤ ዋጋውም ይጨምራል፤ ነገር ግን ሙቀትን ይበልጥ ይታገሣል፤ ለእሳትም የሚያሰጋው አነስ ባለ መጠን ነው። አፋርንና ጋምቤላን ለሚያዘወትር መኪና እኔ ይህንን እመርጣለሁ። ከዚህ ሌላ በውስጡ ባትሪ ጭራሽ የሌለበት፤ ካፓሲተር የሚባለውን የያዘ ማስነሻ አለ፤ ይህ ከደከመው ባትሪ የተረፈውን ጭላጭ በጥቂት ደቂቃ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ለዓመታት ሳይሞላ ቢቀመጥ አይበላሽም፤ የመኪናው ባትሪ ፍጹም ባዶ ከሆነ ግን ከሌላ ስፍራ ኀይል ካላገኘ አይሠራም።

የመቆንጠጫዎቹን ነገር ቸል አይበሉ። በሱቅ ውስጥ ሳሉ ይክፈቷቸው፤ ጸደያቸው ጠንካራ፤ ጥርሳቸው ወፈር ያለ መዳብ፤ ገመዳቸውም ወፍራምና አጭር ሊሆን ይገባል። ቀጭን ገመድ ኀይሉን በመንገድ ላይ ወደ ሙቀት ለውጦ ያስቀረዋል። ቀይና ጥቁሩ ቢለዋወጥ ኀይል እንዳይለቅ የሚከለክል መጠበቂያ ያለው መሆኑንም ይጠይቁ፤ የሌለውን በስጦታ እንኳ ቢያገኙ አይያዙ። የጭነት መኪኖች አብዛኞቹ፤ ከፒክአፕና ከላንድክሩዘር ወገንም አንዳንድ የቆዩት፤ በ24 ቮልት የሚሠሩ ስለ ሆኑ፤ የ12 ቮልት ማስነሻ በእነርሱ ላይ ፈጽሞ አይሠካም። ሁለት ባትሪ ያለበት መኪና ሁሉ ግን 24 ቮልት አይደለም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አጣምሮ በ12 የሚሠራም አለና፤ ነጂዎን ወይም የመኪናውን መጽሐፍ ይጠይቁ።

በውጭ አገር ያለ ዘመድ ማስነሻ ገዝቶ እንዲያመጣ የሚያዙ ሰዎች ብዙ ናቸው። የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ዕቃ ማጓጓዣ በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፤ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፤ እርሱም እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ሲሆን፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ማስነሻን በስሙ የሚከለክሉ አየር መንገዶችም ስላሉ፤ ዘመድዎ አስቀድሞ ሳይጠይቅ ቢገዛው በመሳፈሪያው በር ተነጥቆ ይቀራል።

አሁን ዕቃው በእጅዎ ነው፤ ሞተሩም እምቢ ብሏል እንበል። ከሁሉ አስቀድሞ ሣጥኑን ሳይከፍቱ የፊት መብራቱን አብርተው ቁልፉን ያዙሩና ይመልከቱ። መብራቱ የሚፈዝ ወይም የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም የገመዱ ራስ ላልቷል፤ ወይም ዝጓል። መብራቱ ሳይፈዝ ሞተሪኖው ዝም ካለ ግን ጉድለቱ በሞተሪኖው ወይም ወደ እርሱ በሚሄደው መስመር ሊሆን ስለሚችል ማስነሻው አይረዳዎትም። ሞተሩ በብርታት እየዞረ አልቀጣጠል ካለም ነገሩ የነዳጅ ወይም የማሞቂያ ነው፤ ደጋግሞ ማዞር ደህናውን ባትሪ ይገድላል እንጂ አያስነሣም። ቀጥሎ ሽማግሌው እንዳደረገው የሁለቱንም ገመዶች ራስ በእጅ ይወዝውዙ። በእኛ ላይ የደረሰው ይህ ነበረ፤ መቆንጠጫውን ያስነከስነው በባትሪው ምሰሶ ላይ በመሆኑ ከማስነሻው የወጣው ኀይል ወደ ባትሪው ገባ፤ ወደ ሞተሪኖው ለመሄድ ግን ያንኑ ዝገት መሻገር ነበረበትና አልቻለም። ቀዩን መቆንጠጫ በራሱ በገመዱ ራስ ላይ፤ ጥቁሩን ደግሞ በሞተሩ ብረት ላይ አስነክሰን ቢሆን ኖሮ ሕፃኑ በመኪና ይሄድ ነበር። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ይቆጨኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ማርሹ ፎሌ ይሆናል፤ መብራት፤ ሬዲዮና ማራገቢያ ሁሉ ይጠፋል። ቀዩ መቆንጠጫ የመደመር ምልክት ባለበት በኩል ይነክሳል። ጥቁሩ ከባትሪው ራቅ ብሎ ቀለም ባልተቀባ የሞተር ብረት ላይ ይያዛል፤ ይህም የሚደረገው ባትሪ ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጣና ከመቶ አራት እጅ ያህል ከአየር ጋር ከተቀላቀለ በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ስለሚችል ነው። የማስነሻው መምሪያ ከዚህ የተለየ ካዘዘ እርሱን ይከተሉ። ሲጋራ የያዘ ሰው ይራቅ፤ የሚሠራውም ሰው ፊቱን ከባትሪው በላይ አያጎንብስ። ከዚያ በኋላ ማስነሻው ይከፈታል፤ አረንጓዴው መብራት እስኪበራ ይጠበቃል። ቁልፉ ወደ መጀመሪያው ሲዞር በዳሽቦርዱ ላይ የተጠማዘዘ ሽቦ የመሰለችው የናፍጣ ማሞቂያ ምልክት እስክትጠፋ መታገሥ ይገባል፤ ብዙ ነጂዎች በችኮላ የሚዘሉት ይህን ነው። በመጨረሻ ይቀሰቀሳል፤ ከ5 ሴኮንድ ግን አይበልጥም። ካልተነሣ አንድ ደቂቃ ያህል ያሳርፉት፤ ማስነሻውም ሞተሪኖውም ይቀዘቅዛሉ። በሦስተኛው ካልሆነ አራተኛው አይጠቅምም፤ ሌላ ምክንያት ይፈለግ። ሞተሩ ሲነሣ ወዲያው ጥቁሩ፤ ቀጥሎም ቀዩ ይነሣል፤ የመኪናው ዲናሞ ኀይሉን ወደ ትንሿ ማስነሻ እንዳይልክባት ነው።

ስለ አንዲት ቁልፍ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በብዙዎቹ ማስነሻዎች ላይ «ቡስት» የተባለች ቁልፍ አለች፤ ባትሪው ፍጹም ከመሞቱ የተነሣ ማስነሻው ሊያውቀው ባልቻለ ጊዜ በግድ ኀይል ታስለቅቃለች። ይህ ሲደረግ ግን መጠበቂያዎቹ ሁሉ ይተኛሉ። በዚያን ጊዜ ቀይና ጥቁሩ ተለዋውጦ ከሆነ የመኪናው ኮምፒዩተር ሊቃጠል፤ ማስነሻውም በእጅ ላይ እሳት ሊሆን ይችላል። በጨለማ ከሆኑ በፋኖስ ሳይሆን በእጅ ባትሪ ሁለት ጊዜ ተመልክተው እንጂ አይጫኗት።

ስለ ግፊ አንድ ቃል ልጨምር። የቀድሞዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ባትሪያቸው ቢሞትም በቁልቁለት ተገፍተው ይነሡ ነበር። የዛሬዎቹ ግን ነዳጃቸውን የሚረጩት በኮምፒዩተር ትእዛዝ ስለ ሆነ ባትሪው ፍጹም ባዶ ከሆነ አሥር ሰው ቢገፋም ትርፉ ድካም ነው፤ አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪናማ በግፊ አይነሣም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ መኪና የሚመላለሱ ባልደረቦቻችን ይህ እኛን አይመለከተንም ይሉ ይሆናል፤ ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪናም ከትልቁ ባትሪ ሌላ አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ የ12 ቮልት ባትሪ አላት፤ እርሷ ከሞተች መኪናዋ አትነቃም። እርሷን ለማንቃት ትንሽ ማስነሻ ትበቃለች።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ሥራው አላለቀም። ባትሪው የደከመው መብራት ተረስቶ አድሮ እንደ ሆነ ምክንያቱ ታውቋል፤ ረጅም መንገድ ሄዶ፤ ይልቁንም በጋራዥ ሌሊቱን በባትሪ መሙያ ቢያድር ይመለሳል። ምክንያቱ ካልታወቀ ግን ሞተሩ እየሠራ ሳለ በባትሪው ላይ ቮልት ይለካ፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ያህል ካልተገኘ ዲናሞው አይሞላም ማለት ነው። የአራት ወይም የአምስት ዓመት ባትሪ ከሆነ ደግሞ አርጅቷል፤ በየማለዳው በማስነሻ ከማስታመም ሌላ መግዛት ይረክሳል። ነጩን ዝገት ለማጥራት መጀመሪያ የመቀነሱ ምልክት ያለበት ገመድ ይፈታል፤ በሙቅ ውኃ የሟሟ ቤኪንግ ሶዳ ይፈስበታል፤ ውኃው ግን ወደ ባትሪው ክፍሎች እንዳይገባ ክዳኖቹ ይጠበቁ።

ማስነሻውን በዳሽቦርዱ ላይ ወይም በመስተዋቱ ሥር አያስቀምጡት፤ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ እንደ ምጣድ ይግላልና ሊቲየሙ ያረጃል፤ ሊያብጥም ይችላል። ያበጠውን አይሙሉ፤ አይጠቀሙበት፤ ከቤትም ያውጡት። ከወንበር ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ፤ በየሦስት ወሩም ቢሞላ ይበቃዋል። እኛ ከዚያች ማለዳ ወዲህ በሣጥኑ ክዳን ላይ ወረቀት ለጥፈናል፤ መስከረም፤ ታኅሣሥ፤ መጋቢት፤ ሰኔ ተብሎ ተጽፎበታል፤ ነጂው በሞላበት ወር አጠገብ ይፈርማል፤ በዚያው ቀን የገመዶቹንም ራስ በእጁ ይወዘውዛል።